ለዘምዘም ሠርቶ ለእኔ እምቢ ያለው መድኃኒት፦ ለዶክተር ሐብቴ መታሰቢያ

ዶክተር ሐብቴ ባለፈው ሐምሌ በሞት ተለይተውናል። ዓለም ባንክ ሰፈር በሚገኘው ክሊኒካቸው የታከማችሁ ሁሉ፣ ያልሰማችሁ ካላችሁ ከእኔ ስሙ። አልማዝ ነኝ፤ አጠና ተራ መጋረጃ የምሸጠው። ስለ እሳቸው መጻፍ የሚገባት የዳነችው ዘምዘም ናት የሚል ሰው አይጠፋም። ለዚህ ነው ቀድሜያት ብዕር ያነሣሁት።

ዘምዘም ቅመም ነጋዴ ናት፤ ሱቋ ከእኔ ሱቅ አጠገብ ነው። ሕመማችንም አንድ ነው። ሐኪሞቹ አልሰራቲቭ ኮላይቲስ ይሉታል፤ ትልቁ አንጀት ይቆስላል፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያስቸግራል፣ መጸዳጃ ቤት በሌለበት መንገድ መሄድ ያስፈራል። በዚህ የተነሣ ለመስቀል አገር ቤት፣ ጉራጌ፣ እናቴ ዘንድ መሄድ ከተውኩ ዓመታት ሆኖኝ ነበር። በዓሉ ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ጓዙን ጭኖ ይወጣል፤ እኔ በር ላይ ቆሜ እሸኛለሁ። ዶክተር ሐብቴ ባዮሎጂክ የሚባለውን በደም ሥር የሚንጠባጠብ መድኃኒት ለሁለታችንም በአንድ ሳምንት አስጀመሩን፤ ወንበራችንም ጎን ለጎን ነበር። «እንሞክረው፤ መሥራት አለመሥራቱን እናንተው ትነግሩኛላችሁ» አሉን።

መንገሩ ነው የከበደኝ። እኛ ዘንድ ሐኪም «እንዴት ነሽ?» ሲል መልሱ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው፤ ሌላ ነገር ማለት ውለታ መካድ ይመስለናል። እሳቸው ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። «ተመስገኑን ለፈጣሪ አድርሺ፤ ለእኔ መንገዱን ንገሪኝ» ይሉኛል። ከዚያ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ከአጠና ተራ እስከ ክሊኒኩ ድረስ የት የት «ወራጅ አለ» ብዬ ከታክሲ እንደወረድኩ ይጠይቁኛል። የደሙና የሰገራው ምርመራ ሳይመጣ ነገሩ ይገባቸዋል። ዘምዘም ብዙም ሳይቆይ ሳትወርድ መምጣት ጀመረች። እኔ እንደወረድኩ፣ እንደተሳፈርኩ ነበር። መንገድ ላይ ያሉት ካፌዎች ምንም ሳላዝ መጸዳጃ ቤታቸው እንዲያስገቡኝ ዶክተር ራሳቸው በየደጁ ሄደው ባለቤቶቹን ለምነውልኛል። ይህንንም የነገሩኝ የካፌዎቹ ሰዎች ናቸው፤ እሳቸው አንድ ቀን አላነሡትም።

ዘምዘም ለአረፋ ወራቤ ድረስ ሄዳ መጣች። ማር ይዛላቸው ብትመጣ እዚያው ቆመው በጣታቸው ቀመሱላት፣ እንደ ልጅ ሳቁ። አንጀቴ አረረ፤ ከበሽታው ሌላ ማለቴ ነው።

ከወራት በኋላ አንጀቴን በካሜራ አዩት።

«አልማዝ፣ ቁስሉ እንዳለ ነው» አሉኝ። «ይህ መድኃኒት ለአንቺ አልሆነም፤ እናቆመዋለን።»

«ለዘምዘም ሆኗል እኮ፣ ዶክተር።»

«አዎ፣ ለዘምዘም ሆኗል።»

«እንግዲያው ለእኔም ጥቂት ይጨመርልኝ። እኔ ምን አጠፋሁ?»

«ያጠፋሽው የለም። የመድኃኒት ወሬ ከጎረቤት ይሰማል፤ ውጤቱ ግን በራስ አንጀት ነው የሚታየው።»

አኮረፍኩ። እሳቸው ከወንበራቸው ተነሥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ውጭ ሌላ በሽተኛ እየጠበቀ፣ እስኪወጣልኝ እንዳለቅስ ተዉኝ። ከዚያ በሌላ መንገድ የሚሠራ ሌላ መድኃኒት አዘዙልኝ። «ይህንንም አብረን እናየዋለን። ካልሆነ አልሆነም እልሻለሁ፤ አልዋሽሽም» አሉ። እሱን በጀመርኩ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በድንገት አረፉ። ልባቸው ነው አሉ።

ለቅሶው ላይ ዘምዘም ከልጆቻቸው ጎን ተቀምጣለች፤ እንደ ቤተሰብ። እኔ መውጫው እንዲቀርበኝ ብዬ የድንኳኑ ጥግ ላይ ነበርኩ። ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝ።

«አንቺስ ታድለሻል» አለችኝ። «እኔ ከዳንኩ ወዲህ ሁለት ቃል ጠይቀው ነበር የሚሸኙኝ። አንቺን ግን ሰዓት ሙሉ ያዋሩሽ ነበር። ስንት ቀን ቀንቼብሻለሁ።»

ይህን ስሰማ የእኔም ቅናት ይበርዳል ብዬ ነበር። አልበረደም።

ዶክተር፣ ያዘዙልኝ መድኃኒት ሠራ። በእርስዎ ቦታ የተተኩት ሐኪም አንጀቴን በካሜራ አይተው ቁስሉ መዳኑን ነግረውኛል። ጎበዝ ሰው ናቸው፤ ግን ያኔ ለዘምዘም ሆኖ ለእኔ አልሆነም ብዬ ሳለቅስ አልነበሩም፤ የነገሩኝ ነገር ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ በቅጡ አያውቁትም። ዘንድሮ ለመስቀል አገር ቤት ሄድኩ። እናቴ ከአውቶቡሱ ስወርድ ስታየኝ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። ያረፉበት ቦታ ብርሃን ይሁንልዎት፤ በሽተኛ የማይጠራዎት ረጅም እረፍት ይስጥዎት። ዘምዘም ድና አሳይታዎታለች። እኔም ድኛለሁ፤ እርስዎ ግን አላዩኝም። በዚህ እስክሞት እቀናባታለሁ።