ግቢውን የሚያቋርጠው ኬብል

ኮምፒውተር በደርግ ጊዜ ንፋስ መውጫ ምን ይሠራል ትሉኝ ይሆናል። ሁለት ነበሩ፤ አንዱ የእርዳታ እህል መጋዘኑ ውስጥ፣ ሌላው ከግቢው ማዶ ቢሮው ውስጥ፣ በአንድ ረጅም ኬብል ተያይዘው። ዩኒክስ በሚሉት ሥርዓት የሚሠሩ ናቸው። ሲበላሹ አስተካክል ተብዬ ከአዲስ አበባ የተላክሁት እኔ ነኝ።

ትናንት ሲያወሩ የዋሉት ማሽኖች ጠዋት ተኮራረፉ። መጋዘኑ ውስጥ ብጽፍ ብጽፍ ቢሮው ዝም። መሰኪያውን ነቅዬ ሰካሁ፤ ሁለቱ የሚላላኩበትን ፍጥነት አስተያየሁ፤ የላኪውንና የተቀባዩን ሽቦ አቀያየርሁ። ወይ ፍንክች! ውጭ ደግሞ ሕዝቡ አህያውን ይዞ ፀሐይ ላይ ተኮልኩሏል፤ ማሽኖቹ ካልተገናኙ እህል አይታደልም ተብሏል።

በመጨረሻ ኬብሉን በእጄ እየዳሰስሁ በግቢው ውስጥ ተከተልሁት። መሀሉ ላይ ተቆርጦ ተወስዷል። ቀና ስል የጥበቃው ቤት በር ላይ አንድ ሽማግሌ ቄስ ተቀምጠዋል፤ ክንዳቸው በዚያው ግራጫ ኬብል የኋሊት ተጠፍሯል። ልጃቸው ከብሔራዊ ውትድርና ስለጠፋ ነው አለኝ አጠገባቸው የቆመው ዘብ።

«ፍቷቸው» ማለት ራስን የሚያሳስርበት ጊዜ ነውና፣ «ይሄ እኮ የመንግሥት ንብረት ነው!» ብዬ ጮህሁ።

ዘቡ ምንም አልመሰለው። «ገመድ አምጣና ሽቦህን ውሰዳ!»

የመለሱልኝ ቄሱ ናቸው።

«አምጣልኝ በሞቴ፣ ልጄ። ገመድ ይሻለኛል፤ ይሄስ ሥጋዬን ቆረጠው።»