የተሰፋው ጎራዴ

ያ የመኳንንት ልጅ አዳማ ላይ ከባቡር ሲወርድ፣ ሁለት አሽከሮች ቀድመው የግራር እሾህ ከመንገዱ ይለቅሙለት ነበር። እሱ በዚያ ሐሩር ወፍራም ገንባሌ አድርጎ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ ይከተላቸዋል። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ጎራዴ ግን ከወገቡ አይለይም።

ጎራዴው እንዳይመዘዝ ከአፎቱ ጋር በጅማት የሰፋው ኮርቻ ሰፊው ሱሩር ነው። ያዘዙት እናትየው ናቸው፤ የልጁ ደም አንዴ ከፈሰሰ አይቆምምና። ሱሩር ዕድሜውን ሙሉ ቆዳ ሰፍቷል፤ እንደዚያ ስፌት ያሳፈረው ግን የለም።

ወጣቱ በየወሩ ሱቁ ደጃፍ ትራስ አስደልድሎ ይቀመጥና ስፌቱን ያሳየዋል።

«ላላ እንዴ ሱሩር?»

«ኧረ አልላላም፣ ጌታዬ።»

«የእናቴ ወንድሞችም እንዲህ አሰፍተው ነው የታጠቁት። ከእነሱ ለሽበት የበቃ ግን አላየሁም» ይልና አፉን በኩታው ሸፍኖ ይስቃል።

በ፲፱፻፳፪ ሐምሌ ጥርሱን አስነቀለ። ደሙ አልቆም ብሎ በአራተኛው ቀን አረፈ። በለቅሶው በቅሎው ጎራዴውን ተሸክማ ስትዞር፣ አልቃሿ «ያ ጎራዴው ካፎቱ የማያድር!» ብላ ሙሾ አወረደች። ሕዝቡ ደረቱን ደቃ። ሱሩር መሬት መሬቱን አየ።

ከአርባው በኋላ የሟች እህት ጎራዴውን አስይዛ ሱቁ መጣች። ጉልበቱ ያበጠ ትንሽ ልጇን አሽከር አዝሎታል። ሱሩር ስፌቱን ሊፈታ ወስፌውን አነሳ።

«እሱን ተወው» አለችው። «መታጠቂያውን ብቻ በልጄ ልክ አሳጥርልኝ።»