የማያሰክረው ጋን

የማያሰክር መጠጥ ይጣፍጣል የሚል ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ሻጩ ነው፣ ወይ ሐኪም የከለከለው ነው። እኔ ሁለተኛው ነኝ። ስለዚህ የምለውን እየተጠራጠራችሁ ስሙኝ።

ነገሩ የመጣው እንጅባራ ካለ አንድ ክሊኒክ ነው። ልጄ ሊሆን የሚችል ሐኪም ወረቀቱን አየት አደረገና፣ «አባባ፣ ስኳርዎ ከፍ ብሏል። ግፊትም አለብዎት። ክብደት ይቀንሱ፣ መጠጥ ያቁሙ» አለኝ።

«መጠጥ አልጠጣም። ጠላ ነው የምጠጣው።»

«ጠላም መጠጥ ነው፣ አባባ።»

«ጠላ እህል ነው።»

«ችግሩስ እሱ አይደል? ሲያሰክር መጠጥ ነው፣ ሲያወፍር እህል ነው። ሁለቱም አይሆንዎትም።»

እንደ ገበያ ተከራከርኩት። ከኋላዬ ያለው ተራ ጠባቂ እስኪያጉረመርም ድረስ አልተነሳሁም። በመጨረሻ ሰለቸውና፣ «እሺ፣ ግድ ከሆነብዎት ለበዓል ቀን፣ ቀጠን ያለ፣ አንድ ብርጭቆ» አለ።

«ብርጭቆ አላውቅም፤ በዋንጫ ንገረኝ።»

«አንድ ዋንጫ። ቀጠን ያለ!» አለና ቀጣዩን ሰው ጠራ።

እዚህ ላይ ስለ ቦርጬ ልናገር፤ እሱም ድርሻ አለው። ዕድሜዬን ሙሉ ዳንግላ ላይ ከሰል ተሸክሜአለሁ። በእኛ አካባቢ ገበሬው ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ ይተክላል፣ ያከስላል፤ እንደ እኔ ያለው ደግሞ በማዳበሪያ የታጨቀውን ከሰል ተሸክሞ መኪና ላይ ይጭናል። ወገቤ እንቢ ሲል ደላላ ሆንኩ። ደላላ የሚሸከመው አፉን ብቻ ስለሆነ ሆዴ ፊት ፊቴ መሄድ ጀመረ። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። በእኛ ዘመን ቦርጭ ማለት ሰውየው ተሳክቶለታል ማለት ነው።

ሐኪሙን ትቼ ጠላዬን ልጠጣ አልችልም ነበር ወይ? እችል ነበር። እግሬ መደንዘዝ ባይጀምር ኖሮ።

ጠላውን ልተውስ አልችልም ወይ? እዚህ ላይ ነው ጣጣው። ማኅበር አለብኝ።

ማኅበራችን የሚካኤል ነው፤ በየወሩ በተራ ይደገሳል። ካህኑ ዳቦውን ባርኮ ከቆረሰ በኋላ፣ ማንም ጠላ ወደ አፉ ሳያስጠጋ፣ ደጋሹ መሐል ይቆምና ከጋኑ የተቀዳ አንድ የቀንድ ዋንጫ ጨልጦ፣ ዋንጫውን ገልብጦ ያሳያል። ጠብ ካለ ይደግማል። በሌላ ቦታ ቀጂዋ በመዳፏ ቀምሳ ታልፋለች አሉ። እኛ በመዳፍ አንታለልም። የራሱን ጠላ ያልጠጣ ሰው አንድ ነገር ጨምሮበታል። ምን ጨመረ? እሱ አይጠየቅም።

አንድ ጊዜ አንዱ ማኅበርተኛ በተራው ቀን ሆዴን አሞኛል ብሎ ዋንጫውን ለወንድሙ አቀበለ። ወንድሙ ጠጣ። ሌላው ግን ዳቦውን እያኘከ ጣሪያ ጣሪያ ሲያይ ዋለ። ጠላው ለላም ተሰጠ። ላሟ ምንም አልሆነችም። ሰውየው ግን ከዚያ ወዲያ ከእኛ ጋር አልተቀመጠም፤ ሲሞት እንኳ ለቅሶው ላይ ሰው ንፍሮውን እያሸተተ ነው የበላ።

የእኔ ተራ የኅዳር ሚካኤል ነበር። ዘመድ የለኝም፤ ወደዚህ ከተማ የመጣሁት በጀርባዬ ላድር ነው። ዘመድ ብዬ የያዝኩት እነዚያኑ ማኅበርተኞች ነው፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸውና። አንድ ዋንጫ ወፍራም ጠላ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። እኔን አታውቁኝም። አንድ ዋንጫ የሚባል ነገር ጠጥቼ አላውቅም። የጋኑን ቂጥ ሳላይ የተነሳሁበት ቀን የለም።

ይህን ጭንቀቴን የሰማች ልጄ፣ እንጅባራ የምትማረዋ፣ ለእሑድ ስትመጣ አንድ ጠርሙስ ይዛ መጣች። አዲስ አበባ ውስጥ ጥቂት ወጣቶች በትንሽ በትንሹ የሚጠምቁት ቢራ ነው አለችኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው፤ በማታ ትምህርት፣ ጉልበቴ አገጬን እየነካኝ በሕፃናት ወንበር ላይ። ስለዚህ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ የክብሪት ቀፎ አልምርም። ጠርሙሱን አዙሬ አነበብኩ። «ዝቅተኛ አልኮል። ዝቅተኛ ካሎሪ።»

«ካሎሪ ምንድን ነው?»

«የሚያወፍረው ነገር ነው፣ አባዬ።»

«እና እሱን ቀንሰው ነው ይህን ያህል ያስከፈሉሽ?»

እኔ ትንሽ ሥጋ ለማግኘት ጀርባዬን አጎበጥኩ፤ እነሱ የሌለውን ነገር በጠርሙስ አሽገው ይሸጣሉ። ያም ሆኖ ቀመስኩት። አልዋሽም፣ ሲጠጋችሁ የሎሚ ልጣጭ የመሰለ ደስ የሚል ሽታ አለው። ከዚያ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ የለም። ደጅ ላይ ጉሮሮውን ጠርጎ ሳይገባ እንደሚመለስ እንግዳ ነው።

ሚስቴ ጠርሙሱን ከእጄ ወስዳ ተጎነጨች። እሷ ጠላ እየጠመቀች ነው ልጆቻችንን ያሳደገች። አፏን ጠረገችና፣ «ይሄማ ቅራሪ ነው። ኮት የለበሰ ቅራሪ» አለች።

እኔ ቅራሪ ሲባል ደሜ ይፈላል። ዋናው ጠላ ካለቀ በኋላ አተላው ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚወርደው ቀጭኑ ነገር ነው። ጎረምሳ ሆኜ ሰው ቤት አጨዳ ስቀጠር፣ ባለቤቱ ዛፍ ጥላ ሥር ወፍራሙን እየጠጣ ለእኛ የሚላክልን እሱ ነበር። ቅራሪ ማለት «አንተን አላከብርህም፣ ግን ጥማትህ ሥራ እንዲያስፈታህ አልፈልግም» ማለት ነው። ቤቴ ውስጥ ቅራሪ አልጠጣም ብዬ ምያለሁ።

«ቅራሪ አጠጥተሽ ልታዋርጅኝ ነው?» አልኳት።

«አንተ ሰውዬ፣ መጀመሪያ ስማ። ቅራሪ መጥፎ የሆነው ቀጭን ስለሆነ አይደለም፤ ከትራፊ ስለተሠራ ነው። ሰው አክብሮ፣ ለራሱ ብሎ፣ ከመነሻው ቀጭን አድርጎ ጠንስሶት አያውቅም። እስቲ እኔ ልጥመቀው።»

ጠመቀችው። ብቅሉን በጣም ቀነሰች፤ ስካሩም ውፍረቱም ከሱ ነው የሚመጣው አለች። ገብሱን ግን ከወትሮው አጠቆረችው፤ ቤቱ በተቆላ እህል ሽታ ታፈነ። ጋኑን በግራዋ ቅጠል ፈትጋ በወይራ ጭስ አጠነችው። ደረሰ ተብሎ ስቀምሰው ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«ኮሶ ነው።»

«የጌሾው እንጨት በዝቶበታል። ቅጠሉን ላብዛ።»

«ወይም ሐኪሙ ልኮሻል።»

ሁለተኛውን ስትቀዳልኝ ልሰድባት ተዘጋጅቼ ነበር። ተጎነጨሁ። መጀመሪያ ጭሱ መጣ፣ ከዚያ የተቆላው ገብስ፣ ከዚያ ጌሾው ምላሴን ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀኝ። ስድቤ አፌ ውስጥ ቀረ። አንድ ዋንጫ ጨረስኩ። አፌ ረክቷል፤ እዚህ ላይ እውነቱን ልመስክር። ራሴ ግን ሚኒባስ እንደሚጠብቅ ሰው መንገድ መንገዱን ሲያይ ቆየ። ምንም አልመጣም። «የት አለ ቀሪው?» የሚል ነገር በውስጤ ይዞር ነበር። ጣዕሙ ይበቃል ለሚሏችሁ፣ ግማሹ እውነት ነው በሏቸው።

ለሚካኤል ሁለት ጋን አዘጋጀን። አንዱ ለሰው የሚሆን ወፍራም፣ ሌላው ቀጭኑ። ሐሳቤ ግልጽ ነበር፤ ከቀጭኑ ጠጥቼ ዋንጫዬን እገለብጥና ለእነሱ ወፍራሙን አስቀዳለሁ። መልካቸው አንድ ነው፤ ማን ያውቃል?

«ሰው ከማታለል ታመህ ብትተኛ ይሻላል» አለች ሚስቴ። «እኔ አልቀዳልህም። ራስህ ቅዳ።»

ራሴ ቀዳሁ። ካህኑ ባረከ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ መሐል ቆሜ ጨለጥኩ፣ ገለበጥኩ። ጠብ አላለም። ልቀመጥ ስል ባለ ጋሪው ጉሮሮውን ጠረገ። ይህ ሰው ጎረቤቴ ነው፤ ፈረሱ ከሱ ይልቅ ጨዋ ነው። ለካ ከሌላ ሰፈር የተዋስኩትን ሁለተኛ ጋን በጋሪው ያመጣልኝ እሱ ነው። ረስቼው።

«ከየትኛው ጋን ነው የቀዳኸው?»

«ከጓዳ ካለው።»

«ጓዳ ያለውማ ሁለት ነው። እኔ አይደለሁ ወይ ያወረድኩት?»

ሰው ሁሉ ጣሪያዬን ያይ ጀመር። ያንን አተያይ አውቀዋለሁ፤ እኔም የሟቹን ጣሪያ እንዲያ አይቼለታለሁ።

ሙሴው፣ የማኅበሩ አለቃ፣ ዱላውን መሬት ላይ መታ አደረገ። ሽማግሌ ነው፤ ሲናገር አይቸኩልም። «ልጄ፣ ነገር አታብዛ። ወይ ከሌላው ጋን ቀድተህ ጠጣ፣ ወይ ከጠጣኸው ቅዳልን።»

ወፍራሙን በዋንጫ ቀዳሁት። ሽታው እንደ ድሮ ወዳጅ ትከሻዬን ያዘኝ። ሚስቴ የጓዳው በር ላይ ቆማለች፤ እግሬን እግሬን ብቻ ነው የምታይ። ዋንጫውን አስቀመጥኩት።

«ከጠጣሁት ቅጅላቸው!» አልኳት። ወደ ሙሴው ዞርኩ። «ሐኪም ከልክሎኛል፣ አባቴ። ስኳር አለብኝ። ሌላ ምንም የለም።»

«አሃ! ሐኪም የከለከለው አንተን ነው» አለ ባለ ጋሪው። «እኛ ምን አጠፋን?»

ያ ሁሉ ሰው ሳቀብኝ። ሚስቴ ግን መቅዳት ጀምራ ነበር። ጠጡ። ባለ ጋሪው ዋንጫውን ዓይኑ ድረስ አንስቶ፣ «ጾም ገባ እንዴ? ማንም አልነገረኝም» አለ። ሌላው፣ «ሽታው ሰርግ ነው፣ ጉልበቱ ግን ሱባኤ» አለ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። ስድባቸው ባይጥመኝም ዋንጫቸውን እያየሁ ነበር። ባዶ ይሆናል፤ ይሞላል፤ ባዶ ይሆናል።

ወትሮ በዚህ ሰዓት አንዱ የድንበር ነገር አንስቶ ሌላው ዱላ ይፈልግ ነበር። ያን ቀን ማንም አልተነሳም። ወሬው ረዘመ፤ የተጀመረው ወሬ ሁሉ አለቀ።

«ማኅበር ላይ ተቀምጬ የወሬውን መጨረሻ ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው» አለ ሙሴው። «ቅጅልኝ እስቲ፣ ልጄ።»

ባለ ጋሪው አላስችል አለው። «ጥሩ፤ አፋችንን ታጠብን። አሁን ያንን ሌላውን ጋን አምጡት።»

«አይሆንም» አለ ሙሴው።

«ለምን?»

«እሱ ያልጠጣውን አንጠጣም።»

ባለ ጋሪው ዋንጫውን ለሚስቴ ዘረጋ። ሕጉን ያነሳው ራሱ ነው። ሲመሽ የሚቀጥለው ወር ተረኛ እሱ ስለሆነ ጽዋውን ተረከበ። በሩ ላይ ሲደርስ ወደ ሚስቴ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እታለም፣ ባለቤቴ ነገ ብቅ ትላለች። ያንን የገብሱን አቆላል ንገሪያት። ለእኔ አይደለም፤ ለሙሴው ነው።»

«አውቃለሁ፤ ለሙሴው ነው» አለች ሚስቴ።

እኔ ከማኅበሩ አልወጣሁም። ስም ግን አውጥተውልኛል፤ «ቅራሪው» ይሉኛል። በመንገድ ሳልፍም ይጠሩኛል፣ ይኮነኑ።

በማግስቱ የወፍራሙ ጋን ጓዳ ውስጥ እስከ አፉ ሞልቶ ተቀምጧል። ሊበላሽ ነው። መኪና ሊጭኑልኝ የመጡ ሸካሚዎች ጥርሳቸው ብቻ ነጭ ሆኖ ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል። ወፍራሙን በእንስራ አወጣሁላቸው። ለራሴ ከትናንት የተረፈውን ቀጭኑን በጣሳ ይዤ ከአጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ከነሱ ትልቅየው እንስራውንና የእኔን ጣሳ አየ። «ጋሼ፣ ዋናው ለእኛ፣ ቅራሪ ለእርስዎ? ምን ሊያሠሩን ነው?»

«ከሰሉን ብቻ ጫኑ።»

«ከዚህኛውስ እርስዎ አይጠጡም?»

«አልጠጣም።»

እርስ በርስ ተያዩ። ጣሪያ አልነበረም፤ ሰማዩን አዩት። ከዚያ ጠጡ። ከሰል የተሸከመ ሰው ይህን ያህል አይመረምርም፤ እኔም በነሱ ዕድሜ ብሆን እጠጣው ነበር። ትልቅየው ከንፈሩን ልሶ «ተመስገን» ሲል እየቀናሁበት ጣሳዬን ጨለጥኩ። ከልማድ የተነሳ ገልብጬ አሳየሁት።

ጠብ አላለም።