ከወገብ በላይ ሻምፒዮን

ሰፈሩ «ትንኝ» የሚለው ፀጉር አስተካካይ ቦክሰኛም ነበር። ትንኝ የተባለው ስለሚነድፍ ሳይሆን ስለማይያዝ ነው። ተጋጣሚው ቡጢ ሰንዝሮ፣ አየሩን መትቶ፣ ተናዶ ሲዞር ትንኝ ከጀርባው ቆሞ ሲያዛጋ ያገኘዋል ይባላል። ችግሩ ቡጢውም የትንኝ መሆኑ ነው። አንዱማ ሁለት ዙር ሙሉ የትንኝ ቡጢ ሲያርፍበት ቆይቶ፣ «ውድድሩ መቼ ነው የሚጀመረው?» ብሎ ዳኛውን ጠየቀ።

የሚሠለጥንበት የቦክስ ክለብ በእነ ትንኝ ክብደት ያለው አንድ ቋሚ የቦክሰኛ ቦታ ብቻ ነበር። ለእሷ የሚፋለሙት ትንኝና «ሽቦ» የሚባል በያጅ ናቸው። ያሸነፈ ደሞዝ እየበላ ቡጢ ብቻ ይሠራል፤ የተሸነፈ ወደ ሥራው ይመለሳል። ትንኝ ደግሞ በአፍንጫው የሰው ፀጉር እየሳበ ማርጀት አንገሽግሾታል።

አሰልጣኙ ጠርቶ መከረው።

«ስማ፣ ጉልበት ከመሬት ነው የሚመጣው። ብረት ጀምር። ትከሻህ ላይ አድርገህ ቁጢጥ፣ ብድግ! ቀለል ያለ፣ ፈጠን ያለ። ክንድህን ተወው፣ እሱ ፖስተኛ ነው፤ ደብዳቤውን የሚጽፈው እግርህ ነው።»

«እሺ ጋሼ።»

እሺ ያለው ከልቡ ነበር። ግን ዕድሜውን የፈጀው ፀጉር ቤት መስታወት ፊት ነው፤ ያ መስታወት ደግሞ ከወገብ በላይ እንጂ በታች አያሳይም። በዚያ ሙያ ከወገብ በታች ያለው ዓለም የመጥረጊያ ነው። ብረት ቤቱም ያንኑ ዓይነት መስታወት ሰቅሎ ጠበቀው። ትንኝ ቁጢጥ ሲል ጠፋ፤ ብድግ ሲል ተገኘ። መጥፋቱን አልወደደውም። ቆሞ በክንዱ ሲያነሳ ግን ጡንቻው ዓይኑ እያየ አበጠለት። በዚያው ቀረ።

ደረቱ አደገ ማለት ያንሳል፤ ቀድሞት ሱቁ እየገባ መብራት ያበራለት ጀመር። ጠዋት ብረት ያነሳው እጁ ከሰዓት ምላጭ ሲይዝ ይንቀጠቀጣልና፣ የሰፈሩ ወንድ እኩሌታው ጆሮው ላይ ፕላስተር ለጥፎ ይሄድ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ተማረረች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሸሚዝ ነው ድንኳን የምሰፋልህ? ሱሪህን እኮ አጥብቤ ለእህትህ ልጅ ብሰጠው ይሻላል!»

«ቅናት ነው።»

«በምኑ? በእነዚህ ሁለት ክብሪት እንጨቶች?»

ከሽቦ ጋር ሊጋጠም ሚዛን ላይ የሚወጣበት ቀን ሲቃረብ ክብደቱ ከልኩ አለፈ። ከደረቱ እንዳይቀንስበት እየጸለየ ምሳና እራት ተወ። ጸሎቱ ሰመረ፤ ሥጋው የለቀቀው ከእግሩ ነው። ሚዛን ላይ የወጣው በሁለት መጥረጊያ እንጨት ላይ የቆመ ቁም ሳጥን ነበር።

በመጀመሪያው ዙር ቡጢው እውነትም ከበደ። አንዷ ስታርፍበት ሽቦ ገመዱ ላይ ተለጠፈ፤ አዳራሹ ተናወጠ። በሁለተኛው ዙር ግን የትንኝ እግር ቀረ። ልቡ «ወደ ጎን!» ይላል፣ ደረቱ ይታዘዛል፣ እግሩ አልሰማም። ያ የማይያዘው ሰው እንደ ስልክ እንጨት ተገተረ። ሽቦም ጎድኑን እያማረጠ ይመታው ጀመር።

«እግርህ! እግርህ የታለ?» ጮኸ አሰልጣኙ።

ትንኝ የሞት ሞቱን ዞሮ ሊመታ ሞከረ። ደረቱ ዞረ፤ ጉልበቱ አልዞረም። ጧ! ሲል ኋላ የተቀመጡት ሁሉ ሰሙ። ትንኝ ወድቆ ዳኛው መቁጠር ሲጀምር አሰልጣኙ ፎጣውን አጣጠፈ።

«ፖስተኛው ደርሷል» አለ፤ «ፖስታው ግን ባዶ ነው።»

ጉልበቱ እንደ ድሮው አልሆነም። ዛሬ ትንኝ የሚሠራው ጎማ ባለው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በደንበኞቹ ዙሪያ እየተንከባለለ ነው። ሰሞኑን ሽቦ የክለቡን ቱታ ለብሶ መጣ።

«አሳምረኝ ወንድሜ፣ ነገ ከቡድኑ ጋር ፎቶ አለብኝ።»

አሳመረው። ጆሮውን እንኳ አልነካበትም። ሽቦ መስታወቱን አይቶ ተደነቀ።

«ወይ ደረት! እዚህ ውስጥ እኮ ያሸነፍከው አንተ ነው የምትመስለው።»

ትንኝም ቀና ብሎ አየ፤ ደረቱን ነፋ፤ እውነትም መሰለው። ከዚያ የሽቦ ሱሪ ላይ የወደቀውን ፀጉር ሊያራግፍ ጎንበስ ሲል ጉልበቱ ያዘው።

«ተወው» አለ ሽቦ እየተነሣ፤ «ከወገብ በታች ያለውን እኔው እጨርሰዋለሁ።»