መነጋገር ያቆመው ፍሬን

ዛሬ ሶማሌ ተራ ቁልቁል ስወርድ ፍሬን ብረግጥ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ደረቀብኝ።

ከፊቴ ጋሪ የሚገፋ ሰው ነበር። ባለ በሌለ ኃይሌ ረግጬ፣ የእጅ ፍሬንም ስቤ ለጥቂት አተረፍኩት። ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው እናቴ "ያ አላህ!" ትላለች።

መካኒኩ ጋሽ ከድር በነዳጅም በኤሌክትሪክም የምትሠራ ሃይብሪድ መኪናዬን በኮምፒውተር መረመሯት። "ፍሬኑ ደህና ነው። የፍሬኑ ኮምፒውተር ከሌሎቹ የመኪናዋ ኮምፒውተሮች ጋር መነጋገር አቁሟል" አሉኝ።

"መኪናም ይኳረፋል እንዴ ጋሼ?"

ስቀው ኮምፒውተሮቹ የሚነጋገሩባቸው ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች የገቡበትን ሶኬት ነቀሉ። ውሃ ገብቶበት ዝጓል። ጠርገው ሲመልሱት ግንኙነቱ ተመለሰ፤ ፔዳሉም ለሰለሰ።

ለካ የሰው ሕይወት በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ወሬ ላይ ነው! እስካሁን እጄን በአፌ ጭኛለሁ።

እናቴ ግን "እኔ በታክሲ እሄዳለሁ" ብላ ወርዳለች።

እናንተንስ መኪናችሁ እንዲህ ጉድ አሳይቷችሁ ያውቃል? እስቲ አጫውቱኝ።