ወንድሜ ፓርላማ የገባበት ማሳ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ከወረዳው መጥቶ የወንድሜን ፎቶግራፍ ጠየቀኝ። ከተማችን ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ ወደ ፓርላማ የላከቻቸውን ሰዎች ታሪክ በመጽሔት ሊያወጡ ነው። የመጀመሪያው ተመራጭ ወንድሜ ነበር። «እማማ፣ እሳቸውን በቅርብ የሚያውቅ ከእርስዎ በቀር የለም፤ የሚያስታውሱትን ይንገሩኝ» አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው፤ የጫማውን ጭቃ በር ላይ አራግፎ ነው የገባው። ፎቶውን ሰጠሁት፤ ጥቂትም ነገርኩት። እዚህ የምጽፈው ያልነገርኩትን ነው።

ወንድሜን ጋሼ ነው የምለው፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። አዲስ አበባ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ሲኖር ለፓርላማው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ልወዳደር ብሎ ተነሣ። ሕጉ ደግሞ የሚመረጥ ሰው በምርጫ ወረዳው የራሱ ንብረት ይኑረው ይል ነበር። ከአባታችን የደረሰው መሬት ከአጎቶቻችን ጋር በሙግት ተይዟል። ስለዚህ ዓይኑን የጣለው አፋፍ በምንለው ማሳ ላይ ነበር።

አፋፍ እናቴ ከአባቷ የወረሰችው ርስት ነው። ከጓሳ ተራራ ግርጌ፣ ውርጭ የማይደፍረው፣ አንድ ዓመት ገብስ አንድ ዓመት ባቄላ የሚሰጥ መሬት። በእኛ አገር ሴት ልጅም ርስት ትካፈላለች። የአባታችን ለጋሼ፣ አፋፍ ለእኔ ተብሎ ገና በልጅነቴ ተነግሮ ነበር።

ግንቦት ላይ በተከራየው በቅሎ መጣ። እናቴ አዲስ ጠላ ቀድታ፣ የተጠበሰ ሥጋ አቅርባ ስታበላው አፋፍ በእኔ ስም ይጻፍ የሚል ነገር አነሣ።

«ለወረቀት ያህል ነው እማዬ። ምርጫው ሲያልፍ ቀድጄ እጥለዋለሁ።»

«ብትቀድደውስ ባትቀድደው» አለች እናቴ። «የአፋፍን ድንበር አገር ያውቀዋል። ወረቀት ያርሰዋል እንዴ?»

የእኛ ሰው ስለ መሬት የሚያውቀው እንዲህ ነበር። ሙግት ሲመጣ ትውልድ ይቆጠራል፣ ሽማግሌ ይመሰክራል፣ ድንበሩን በእግር ይዞራል። ጣትን ቀለም ነክሮ ወረቀት ላይ ማሳረፍ ርስት ይነቅላል ብሎ ያሰበ አልነበረም። እኔ ግን ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ነበር። ከዚያ በላይ የሚያስተምር ትምህርት ቤት በአካባቢያችን ስላልነበረ ሁለት ዓመት ሱፍ ስፈትል ነው የከረምኩት። ማታውን ጋሼ ለብቻዬ ወደ ጓሮ ጠራኝና «ከተመረጥኩ አንቺን አዲስ አበባ ወስጄ አስተምርሻለሁ» አለኝ። ከዚህ ሌላ ምንም አላለኝም። ዛሬም ድረስ እንዲህ አድርጊ ብሎ ያዘዘኝ ነገር ነበር ልል አልችልም።

በማግስቱ ወደ ከተማ ወረድን፤ እሱ በበቅሎ፣ እናቴና እኔ በእግራችን። ጉሙ ከጓሳ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። የበልግ ዝናብ ያላቆጠው ጭቃ ጫማዬን እየያዘ ሲያስቸግረኝ አውልቄ በእጄ ያዝኩት። ወንዝ ዳር ተቀምጠን በሶ በጥብጠን ጠጣን። ጋሼ ሱሪው እንዳይበላሽ ከበቅሎው ሳይወርድ ነው የጠጣው። እናቴ ጣሳውን ወደ ላይ ዘርግታ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

የወረዳው ጽሕፈት ቤት ጠባብ ነበር። ጸሐፊው ሰውዬ ጽፎ ጨረሰና «ልጅቱ ማንበብ ትችላለች አሉ። ታንብብላቸው» ብሎ ወረቀቱን ለእኔ ሰጠኝ። በዓይኔ አነበብኩት። አፋፍ የተባለውን ማሳዬን ለልጄ ወድጄና ፈቅጄ ለዘለዓለም ሰጥቻለሁ፤ ሌሎች ወራሾቼም አይጠይቁትም ይላል።

«ምን ይላል ልጄ?» አለች እናቴ።

ጋሼ በመስኮቱ በቅሎውን ያይ ነበር። እኔም ድምፄን አጥርቼ፣ የተጻፈ እንደሚያነብ ሰው ጣቴን በመስመሩ ላይ እያስኬድኩ፣ «ምርጫው እስኪያልፍ ድረስ በልጄ ስም እንዲቆም ፈቅጃለሁ» አልኩ።

ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ጋሼን አየ። ከዚያ ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ።

«ይኸው ነው?» አለች እናቴ።

«ይኸው ነው እማዬ።»

አውራ ጣቷን ነክራ አሳረፈች። «እንግዲህ ጃንሆይ ፊት ስትቆም፣ ያቆመችህ ይቺ ጥቁር ጣት ናት» ብላ በጋሼ ላይ ቀለደች፤ ጸሐፊውም ሳቀ። እኔ በምስክርነት ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። የእጅ ጽሑፌ ያኔ በጣም ያምር ነበር።

ጋሼ ተመረጠ። ሁለት ጊዜ ተመረጠ። ፓርላማ ገብቶ ምን እንደተናገረ የሰማ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ስለ መንገዱ ተናገረ ይባላል፤ መንገዱ ግን እስከ ሁለተኛው ዘመኑ መጨረሻ ያው የበቅሎ መንገድ ነበር። ስለ ትምህርቴ ባሳሰብኩት ቁጥር «ከርሞ» ይለኝ ነበር። ሦስተኛው ከርሞ ላይ ተዳርኩ። ከእሱ በኋላ ለሸንጎ የሄደም፣ ለዛሬው ምክር ቤት የሄዱም አሉ። የእነሱን የሚጽፍ ሌላ ይጻፍ።

ደርግ የመሬቱን አዋጅ ሲያወጣ የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች የመለኪያ ገመድ ይዘው መጡ። አፋፍ አዲስ አበባ በሚኖር ባለ ርስት ስም ነው፤ እሱ ራሱ አያርሰውም፤ ይከፋፈል አሉ። እናቴ ማሳው መሐል ቆማ «የኔ ነው። ለምርጫው ብቻ ነው የፈቀድኩት። ልጄ አንብባልኛለች» አለች። ሊቀ መንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ግልባጩን አስመጥቶ በሰው ሁሉ ፊት ቃል በቃል አነበበላት። መጨረሻው ላይ የምስክሯን ስም ጠራ።

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም። ማሳው ዳር የነበረውን ሞፈርና ቀንበር አሸክማ ወደ ቤት ሄደች። ከዚያ ቀን በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። ደብዳቤ ሲመጣላት ይዛ ወደ ቄሱ ቤት ትሄድ ነበር እንጂ ለእኔ ሰጥታኝ አታውቅም። ጋሼ ለቀብሯ አልመጣም። ስለ እሱ የምለው ብዙ አለኝ፤ ነገር ግን ያንን ወረቀት ያነበበው እሱ አልነበረም።

ወጣቱ ሊሄድ ሲነሣ ከቦርሳው አንድ ፎቶ ኮፒ አወጣ። ከመዝገብ ቤት ያገኘው የጋሼ የምርጫ ፋይል ነው። «እናታችሁ ትልቅ ሰው ነበሩ እማማ» አለኝ። «ልጃቸው እንዲመረጥ መሬታቸውን ወደውና ፈቅደው ሰጡ ይላል። ይህን በመጽሔቱ ብናወጣው እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አልኩት።

ደስ ብሎት ጻፈው። መጽሔቱ ለሚቀጥለው የከተማው በዓል ይደርሳል፤ የእናቴም ስም ከልጇ ፎቶ በታች ይወጣል። ያን ለማስቆም አሁንም ጊዜ አለኝ፤ ስልክ ቁጥሩን ትቶልኛል። አልደወልኩም። እዚህ ግን አንድ ጊዜ በትክክል ልጻፈው፦ እናቴ ማሳዋን ለማንም አልሰጠችም።