ስሙን ያላነበብኩበት የቀትር ዜና

ጋዜጠኝነት ልማር ደብረ ታቦር ስገባ ዜና ማንበብ እንደምችል ማንም እንዲነግረኝ አልፈለግሁም። ድምፄ ጥሩ ነው፣ አልቸኩልም፣ ማይክሮፎንም አያስፈራኝም።

የመገናኛ ብዙኃንን ማኅበራዊ ሚና ያስተማሩን መምህር ደጋግመው የሚያነሱት የአድማጭን የማወቅ መብት ነበር። አምኜላቸዋለሁ። አንድ ነገር ግን ይጎድል ነበር፤ እኛ ዘንድ ሞት የሚነገርበት ሥርዓት አለው። መርዶ በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ መሃል አይነገርም። ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነው የሚያረዳው። እስከዚያ ያወቀ ሁሉ አፉን ይዘጋል። ይህንን ክፍል ውስጥ ሳነሳላቸው፣ መምህሩ ከተማ ያደጉ ናቸውና ፈገግ ብለው አለፉት።

ማኅበረሰብ ሬዲዮ ውስጥ የተግባር ልምምድ ላይ ሳለሁ፣ አንድ ቀን የቀትር ዜና ላነብ ስዘጋጅ ወሬው ደረሰን። ሐሙሲት አጠገብ ሚኒባስ ተገልብጦ ሾፌሩ ሞቷል። ፖሊስ ስሙን አረጋግጧል። ስሙን ሳየው አወቅሁት፤ የአንበሳሜ ጎረቤታችን ልጅ ነው። እናቱ ጨርቅ ይሸጣሉ። ሱቃቸው ውስጥ ሬዲዮ ተዘግቶ አያውቅም፤ ልምምድ ከጀመርኩ ወዲህማ እኔ ሳነብ ድምፁን ከፍ ያደርጉታል።

አባቴ ጋ ደወልኩ። ገበያው ሁሉ ሰምቷል፣ ያልሰሙት እናቱ ብቻ ናቸው አሉኝ። ወጣቶቹ እንኳ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተዋል፤ ሽማግሌዎቹም ለንጋት ተቀጣጥረዋል።

«እንግዲህ የቀረሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ አባቴ።

የዜና ክፍሉ ኃላፊ ግን ስሙ ይነበብ አሉ። ስሙን ብንተወው ሾፌር ያለው ቤት ሁሉ ሲጨነቅ ይውላል ሲሉ እውነት ነበራቸው። እኔም የሌሎቹ ጭንቀት ማታ ልጃቸው ሲገባ ይቆማል፣ የእናቱ ግን በእኔ ድምፅ ሊጀምር አይገባም አልኳቸው። አጉረመረሙና በአንቺ ኃላፊነት ብለው ተዉኝ። በኋላ መማሪያ ክፍል ውስጥ ሳቀርበውም መምህሩና ተማሪዎቹ ብዙ ተከራከሩኝ፣ ንቅንቅ አላልኩም። ዛሬም ቢሆን አላነበውም።

ዜናውን ያለ ስም አነበብኩ። ከስቱዲዮ ስወጣ አድማጮች ዘፈን የሚመርጡበት ስልክ ጮኸ፤ አነሳሁት። እናቱ ናቸው።

«የማን መኪና ነው ልጄ?»

«ዝርዝሩ ገና ነው እትዬ።»

ከዚያ ድምፅሽ ደክሟል፣ እህል ቅመሺ ብለውኝ ዘጉት። እንደ ሰው እጅ ስልኩን ይዤው ቀረሁ።

በዚያው ቀን ወደ አንበሳሜ ሄድኩ። በንጋታው ሽማግሌዎቹ ደጃፋቸው ላይ ሲያረዷቸው ከኋላ ቆሜ አለቀስኩ። ልቤ ተሰብሮም ቢሆን ባደረግሁት ኮርቼ ነበር፤ በወጉ እንዲሰሙት ያደረግኋቸው መስሎኝ ነበር።

ለቀስተኛው ጋብ ሲል አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እጄን ያዙኝ።

«ስልኩን ስታነሺው ከድምፅሽ ነው ያወቅሁት» አሉኝ ቀስ ብለው። «ስሙን ብትጠሪው ኖሮ ግን ያኔውኑ በሞተብኝ። አልጠራሽውም። ማታ እራቱን ከድኜ አስቀመጥኩለት።»